ስለ መናፍስት በሚተርክ ድራማ ላይ አርኪ የአድናቂ ድርሰት እንዴት ይጻፋል?

ፋን ፊክሽን ወይም የአድናቂ ድርሰት፣ ማለትም አድናቂዎች በሚወዱት ድራማ ወይም መጽሐፍ ገጸ ባሕርያት ላይ የሚጽፉትን ታሪክ፣ የሚያነብ ሰው ገጸ ባሕርያቱን አስቀድሞ ያውቃቸዋል። የትኛው ወንድም ሲፈራ እንደሚቀልድ፣ እናታቸው እንዴት እንደሞተች፣ አባታቸው ምን እያለ እንዳሳደጋቸው ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። በዚህ ምክንያት ሌላ ልቦለድ ጸሐፊ ሰዎቹን ለማስተዋወቅ የሚያወጣውን ገጽ ሁሉ የአድናቂ ድርሰት ጸሐፊ ወደ እነርሱ ለመቅረብ ሊያውለው ይችላል። ድራማው ስለ መናፍስት፣ ስለ አጋንንትና ስለ መላእክት የሚተርክ ሲሆን ግን ችግር ይመጣል፤ ሙታን በሚነሡበት ዓለም ማናቸውም ጣጣ በአንድ ድግምት ሊፈታ ስለሚችል፣ ጸሐፊው ሳይታወቀው አንዳች የማያስከፍል ድል ይጽፋል፣ አንባቢውም ታሪኩን ጨርሶ ምንም ሳይሰማው ይቀራል። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር ተአምሩ የሚያረካው የተከፈለለት ዋጋ በሰዎቹ ላይ ሲታይ ነው ከሚል እምነት የተነሣ ነው።

ለምሳሌነት የምንጠቀመው ሱፐርናቹራል የተሰኘውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ነው። በኤሪክ ክሪፕኪ የተፈጠረው ይህ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2020 በ15 ሲዝን 327 ክፍሎች የቀረቡበት ሲሆን፣ ሳምና ዲን ዊንቸስተር የተባሉ ወንድማማቾች በ1967 ሥሪት ኢምፓላ መኪና ከከተማ ከተማ እየዞሩ ጭራቅና መናፍስትን ሲያጠፉ ያሳያል። እጅግ ብዙ የአድናቂ ድርሰት የተጻፈበት ከመሆኑም በላይ ድራማው ራሱ ስለ አድናቂዎቹ ብዕር ያውቃል፤ በአራተኛው ሲዝን ወንድማማቾቹ ሕይወታቸው በልቦለድ ታትሞ፣ አንባቢዎችም በላዩ የራሳቸውን ታሪክ ሲጽፉበት ያገኙታል፤ በ2014 የታየው 200ኛው ክፍል ደግሞ አንዲት ተማሪ ስለ እነርሱ ደርሳ በትምህርት ቤት በምታቀርበው ሙዚቃዊ ተውኔት ዙሪያ የተሠራ ነው።

ድራማው የዘለለውን ቦታ መምረጥ

የመጀመሪያው ሥራ ታሪኩ የሚቀመጥበትን ቦታ መወሰን ነው። ጀማሪ ጸሐፊ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ጭራቅ በመፍጠር ይነሣል፤ ነገር ግን አንባቢው ጭራቅ አላጣም። ያጣው ካሜራው ያላያቸውን ሰዓታት ነው። ስለዚህ ክፍሎቹን እንደገና እየተመለከቱ፣ በሁለት ትዕይንቶች መካከል ብዙ ጊዜ የሚያልፍበትን፣ አንድ ሰው ከባድ ነገር ሰምቶ መልስ ሳይሰጥ ትዕይንቱ የሚቆረጥበትን፣ እንዲሁም አንድ ትልቅ ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተነግሮ የሚታለፍበትን ቦታ ይመዝግቡ።

በእኔ ግምት ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው በአምስተኛውና በስድስተኛው ሲዝን መካከል ያለው አንድ ዓመት ነው። በአምስተኛው ሲዝን መጨረሻ ሳም ሉሲፈርን በሰውነቱ እንደያዘ ወደ ጥልቁ እስር ይወድቃል፤ አስቀድሞም ዲን ወደ ቀድሞ ፍቅረኛው ወደ ሊሳ ሄዶ እንደማንኛውም ሰው እንዲኖር ቃል አስገብቶታል። ስድስተኛው ሲዝን ሲከፈት ዲን ከሊሳና ከልጇ ከቤን ጋር ይኖራል፣ በግንባታ ሥራ ተሰማርቷል፣ ኢምፓላዋም ጋራዥ ውስጥ ተሸፍና ቆማለች። ያ ዓመት እንዴት እንዳለፈ ግን ከጥቂት ምስሎች በቀር አናይም፤ ከራሱ አፍ የምንሰማው መጠጥ እንዳበዛ፣ ቅዠት እንዳሠቃየው፣ ወንድሙን የሚያወጣበትን መንገድ ፍለጋም በመቶዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት እንደሰበሰበ ነው። እነዚያ መጻሕፍት በአንድ ቤተሰብ ቤት ውስጥ የት ተደበቁ? ሊሳ አግኝታቸው ዝም ብላ ይሆን? ሌላም ነገር አለ፦ ሳም በዚያው ዓመት ከእስሩ ወጥቶ እንደነበር፣ ለወንድማማቾቹ እንደ አባት የሆነው ጭራቅ አዳኙ ቦቢም ይህን እያወቀ ለዲን እንዳልነገረው ተመልካቹ ያውቃል። ስለዚህ ዲን ወደ ቦቢ ለመደወል ስልኩን አንሥቶ መልሶ የሚያስቀምጥበት ተራ የሚመስል ትዕይንት እንኳ፣ ጸሐፊው አንድ ቃል ሳይጨምርበት፣ አንባቢውን ያመዋል።

ሕጉን በጽሑፍ ማስፈር

ቀጥሎ የድራማውን ሕግ ለታሪኩ በሚያስፈልገው መጠን በአንድ ገጽ ይጻፉ። በሱፐርናቹራል የሙት መንፈስ የጨው መስመር አይሻገርም፤ ብረት ሲያገኘው ለጊዜው ይበተናል፤ ጨርሶ የሚሄደው አጥንቱ ጨው ተነስንሶበት ሲቃጠል ወይም የታሠረበት ዕቃ ሲጠፋ ነው። ጋኔን የያዘው ሰው ዓይኑ ይጠቁራል፣ ጸበል ያቃጥለዋል፣ ወለል ወይም ጣሪያ ላይ በተሣለ ምልክት፣ ማለትም በአጋንንት ወጥመድ ውስጥ ከገባም ወጥመዱ እስካልተበላሸ ድረስ አይወጣም። መስቀለኛ መንገድ ላይ ነፍሱን የሸጠ ሰው እንደ ደንቡ 10 ዓመት ይሰጠዋል፤ ዲን ግን ሳምን ከሞት ለማስነሣት ሲዋዋል ያገኘው 1 ዓመት ብቻ ነበር።

ሕጉ የሚጻፈው ለጌጥ አይደለም። ጨው የሚያጓጓው ሊያልቅ ሲል፣ ወጥመዱም የሚያስፈራው የሸፈነው ምንጣፍ ሲንሸራተት ስለሆነ፣ ጸሐፊው ገደቦቹን በትክክል ካላወቀ ጭንቅ ሊፈጥር አይችልም። በመሆኑም በታሪኩ ማብቂያ ችግሩን የሚፈታው ነገር ቢዘገይ ከታሪኩ የመጀመሪያ ሲሶ ውስጥ አንባቢው ፊት ቀርቦ መታየት አለበት፤ በመጨረሻው ገጽ ከአሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ድንገት የሚገኝ ድግምት ከሁሉ የከፋ መፍትሔ ነው። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ለየት ያለ ፈተና አለ፦ ጸበልና ርኩስ መንፈስ ለእኛ እንግዳ ስላልሆኑ፣ ጸበል ቦታ ሲለፈልፍ የሰማነውን መንፈስ እንዳለ ወደ ወንድማማቾቹ የትውልድ አገር ወደ ካንሳስ ማዛወር ያምረናል። ይህ ራሱን የቻለ ጥሩ ልቦለድ ሊወጣው ይችላል፤ የድራማው አድናቂ ግን የመጣው የድራማውን ጋኔን ፍለጋ ነው።

ጭራቁ ጥያቄ ይዞ ይምጣ

በአድናቂ ድርሰት ውስጥ የሚገባ መንፈስ ገጸ ባሕርዩ የሚሸሸውን አንድ ጥያቄ ይዞ መምጣት አለበት። ይህን በምሳሌ ማየት ይሻላል። ዲን በሊሳ ቤት በሚኖርበት ዓመት በአካባቢው የሚኖር አንድ ሽማግሌ ቤቱ ሌሊት ሌሊት እንደሚረበሽ ይነግረዋል እንበል። ዲን ይህን ሥራ ትቶ ስለነበር ለሊሳ ዋሽቶ ይሄዳል፤ ሲመረምርም መንፈሱ ከብዙ ዓመት በፊት የሞተው የሽማግሌው ታናሽ ወንድም እንደሆነ፣ የታሠረውም ሽማግሌው ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞት በሚዞረው የኪስ ሰዓት እንደሆነ ይደርስበታል። መንፈሱ እንዲያርፍ ሰዓቱ መጥፋት አለበት፤ ይህንንም ለሽማግሌው መንገር ያለበት ወንድሙን ለማስመለስ መጻሕፍት እየሰበሰበ ያለው ዲን ነው። ሽማግሌው «አንተ ብትሆን ትሰጥ ነበር?» ብሎ ሲጠይቀው ዲን ሰዓቱን ለመቀበል እጁን እንደዘረጋ መልስ ያጣል።

በዚያ ሌሊት ዲን ወደ ጋራዡ ገብቶ የመኪናዋን ልብስ በአንድ በኩል ይገልጣል። ተመልካቹ በአምስተኛው ሲዝን የመጨረሻ ክፍል እንዳየው፣ በኢምፓላዋ የሲጋራ መተርኮሻ ውስጥ ሳም በልጅነቱ የሰነቀረው የአሻንጉሊት ወታደር እስከ ዛሬ አለ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ስለ ሐዘን ሊያብራራ አይገባውም። ዲን ወታደሩን በጣቱ ነቅንቆ ሊያወጣው ይሞክራል፣ ይተወዋል፣ ልብሱን መልሶ ያለብሳል፣ ሊሳ የት እንደነበር ስትጠይቀውም ስለ ጎማው ያወራል። መንፈሱ ሄዷል፤ ዲን ግን ለሌላው ያዘዘውን መድኃኒት ራሱ አልወሰደም፣ በዚያ ላይ የሚኖርበትን ቤት ዋሽቷል። የታሪኩ ዋጋ ይህ ነው።

ድምፃቸውን መያዝ

አንባቢ የታሪኩን ድክመት ይታገሥ ይሆናል፤ ዲን እንደ ሳም ሲናገር ግን አይታገሥም። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ምን እንደሚል ከመመዝገብ ይልቅ ምን እንደማይልና ከምን ሥር እንደሚደበቅ መመዝገብ ይሻላል። ዲን ሲጨንቀው ወደ ቀልድ፣ ወደ ምግብና ወደ መኪናው ይሸሻል፤ ፍቅሩን የሚናገረው በትእዛዝ መልክ ነው። ሳም ይጠይቃል፣ ያነብባል፣ ነገሩ እንዲወራ ይፈልጋል፤ የራሱን ምሥጢር ግን ከማንም በላይ ይደብቃል። መልአኩ ካስቲኤል ቃልን እንዳለ የሚወስድ በመሆኑ ቀልድ ያልፈዋል። ረቂቁ ሲያልቅ ከምልልሶቹ ላይ የተናጋሪዎቹን ስም አጥፍተው ያንብቡ፤ ማን እንደተናገረ የማይለይበት ዓረፍተ ነገር እንደገና መጻፍ አለበት። ከሁሉ በላይ ሁለት ወንድማማቾች ፊት ለፊት ተቀምጠው ስሜታቸውን በተሟላ አንቀጽ የሚገላለጹበትን ትዕይንት ይጠንቀቁት፤ ጸሐፊውን ደስ ያሰኘዋል፣ ድራማውን የሚያውቅ ሰው ግን አያምነውም።

መጨረሻውን የሚያስተካክል ታሪክ

አድናቂዎች ፊክስ ኢት የሚሉት ድርሰት የድራማውን መጨረሻ ለመለወጥ የሚጻፍ ነው። በኅዳር 2020 በታየው የመጨረሻ ክፍል ዲን ከቫምፓየሮች ጋር ሲታገል በጋጣ ውስጥ በሾለ ፌሮ ብረት ተወግቶ ይሞታል፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ክፍሎች ደግሞ ካስቲኤል ለዲን ፍቅሩን ተናግሮ ወዲያው ባዶነት በተባለው፣ የሞቱ መላእክትና አጋንንት በሚሄዱበት ስፍራ ተውጧል። በዚህ ቅር የተሰኙ ብዙዎች ዲንን የሚያድን ታሪክ ጽፈዋል።

ዲንን ማዳን ቀላል ነው፤ አምቡላንስ ቶሎ እንዲደርስ ማድረግ ይበቃል። ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ዕድሜ ልኩን በሥራው ላይ እንደሚሞት ሲያምን የኖረ ሰው ሆስፒታል አልጋ ላይ ነቅቶ፣ ሐኪሙ ከባድ ዕቃ እንዳያነሣ ሲነግረው ምን ያደርጋል? ለእርጅናው ያሰበው አንዳች ነገር የለውም፤ በሕጋዊ መንገድ የሠራበት ማስረጃም ሆነ በስሙ ያጠራቀመው ገንዘብ የለውም። ካስቲኤልን የሚመልስ ጸሐፊም እንዲሁ ያን የፍቅር ቃል ወደ ኋላ መመለስ እንደማይቻል፣ ዲንም አሁን መልስ መስጠት እንዳለበት ሊዘነጋ አይገባም። የድራማውን ጉዳት የሰረዘ ጸሐፊ በቦታው ሌላ ሸክም ካላኖረ አንባቢው እንደተታለለ ይሰማዋል።

ከማውጣት በፊት

ድራማውን የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ከተቻለም የማያውቅ ሌላ ሰው፣ ረቂቁን ቢያነቡት መልካም ነው፤ የመጀመሪያው የሕግና የድምፅ ስሕተት ይይዛል፣ ሁለተኛው ደግሞ ድራማውን በመተማመን የተዘለለውን ያሳያል። በ2009 ለሕዝብ የተከፈተውና በ2019 የሁጎ ሽልማት ያገኘው አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውንን በመሰለ ማኅደር ላይ የሚያወጡ ከሆነ፣ ታሪኩ ከየትኛው ሲዝን በኋላ እንደሚጀምር፣ ዋና ገጸ ባሕርይ የሚሞትበት ወይም ከባድ ግፍ የሚታይበት መሆኑን በመለያው ላይ በግልጽ ይጻፉ፤ አንባቢው የሚጠብቀውን ማወቁ ጉጉቱን አይቀንሰውም። ገጸ ባሕርያቱ የሌላ ሰው ንብረት ስለሆኑ ድርሰቱን አይሽጡት። ታሪኩ በምዕራፍ የተከፈለ ከሆነም የመጨረሻው ምዕራፍ ተጽፎ ሳያልቅ የመጀመሪያውን አያውጡ፤ በዘጠነኛው ምዕራፍ የሚያስፈልግዎትን የኪስ ሰዓት ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ተመልሰው ሽማግሌው ኪስ ውስጥ ማስገባት የሚችሉት ያኔ ብቻ ነው።