የላፕቶፕ ባትሪ ተፈትቶ ሴል ሲቀየር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሌላ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሲፈታ መጀመሪያ ከሶኬት ይነቀላል። ባትሪ ግን የሚነቀልበት ሶኬት የለውም። ላፕቶፑን ማስነሳት ያቃተው ፓክ (ሴሎቹን ከነማቀፊያቸው የያዘው ሙሉ ባትሪ) ውስጥ እንኳ ብረት የሚያግል ኃይል ሊቀር ይችላል፤ አብዛኛው አደጋ የሚመጣውም ይህን ከመዘንጋት ነው። የምናገረው 18650 ስለሚባሉት ክብ ሴሎች ነው። ከስስ ላፕቶፖች የሚወጣውን ጠፍጣፋና ለስላሳ ሴል፣ በተለይ ካበጠ፣ ፈጽሞ አይነካኩት።

ካቻቢቴ ሰክቶ መፈልቀቅ። ሴሎቹ ከፕላስቲኩ ሥር ተለጥፈው ነው ያሉት። ስለታም ብረት ጠልቆ ከወጋቸው ውስጣቸው ሾርት ያደርጋል፤ እሳትና መርዛማ ጭስ ይከተላል። መጋጠሚያውን ይዘው በስስ ፕላስቲክ ቀስ በቀስ ይክፈቱ።

የሴሉን ፖዘቲቭ በኩል አለማወቅ። ይህ ብዙዎችን ያሳስታል። ፖዘቲቩ መሃል ላይ ያለችው ጉብታ ብቻ ናት። ዙሪያዋ ያለው ጠርዝም ሆነ መላው የሴሉ ቆርቆሮ ኔጌቲቭ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ስስ የፕላስቲክ ሽፋንና አንዲት የወረቀት ቀለበት ናቸው። ሴሎቹን የሚያገናኘውን የድሮ ኒኬል (ስስ የብረት ጥብጣብ) በፒንሳ ሲገነጥሉ ሽፋኑ ከተቀደደ፣ አዲሱ ኒኬል ጠርዙን ሲነካ ሾርት ይሆናል። የተቀደደውን ሽፋንና ቀለበት ሳይቀይሩ አይቀጥሉ።

በካውያ በቀጥታ ሴሉ ላይ መበየድም እንዲሁ መጥፎ ነው። ሙቀቱ በሴሉ ውስጥ ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን የሚለየውን ስስ መለያ ሊያቀልጥ ይችላል፤ ጉዳቱም ወዲያው ላይታይ ይችላል። ኒኬሉን በስፖት ዌልደር (በቅጽበታዊ የኤሌክትሪክ ምት ነጥብ በነጥብ በሚበይድ መሣሪያ) ያያይዙ።

አሮጌና አዲስ ሴል መቀላቀል። ባለ 6 ሴል ፓክ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሁለት በፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ) ተጣምረው፣ ሦስቱ ጥንዶች በተከታታይ የተያያዙበት ነው፤ ሲሞላ 12.6 ቮልት ይሆናል። አንድ ደካማ ጥንድ መላውን ፓክ ይጎትታል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ዓይነት አዲስ ሴል ይቀይሩ፤ ከማጣመርዎ በፊትም ቮልቴጃቸውን በመልቲሜትር እየለኩ ያመሳስሉ። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የቆየ ሴል ውስጡ መዳብ ሊሟሟ ስለሚችል፣ ቻርጅ ቢቀበልም አይመኑት። ሴሉ ላይ 9900 ሚሊአምፒር-ሰዓት (mAh) የሚል የአቅም ጽሑፍ ካዩ ሐሰት ነው፤ የተለመደው እውነተኛ 18650 ከ3500 ገደማ አያልፍም።

ልፋትን ከንቱ የሚያደርገው ግን ቦርዱን፣ ማለትም ፓኩ ውስጥ ያለውን የመቆጣጠሪያ ሰርኪዩት፣ መርሳት ነው። እያንዳንዱን ጥንድ የሚቆጣጠር ቺፕ አለው፤ በአንዳንድ ፓኮች የሴሎቹ ኃይል ሲቋረጥ ቺፑ ራሱን ይቆልፋል። ከዚያ በኋላ ሴሎቹ ምንም ቢሆኑ ፓኩ አይሠራም፤ ለቺፑ በተሠራ ሶፍትዌር መከፈት አለበት። ስለዚህ ሴሎቹን ከቦርዱ ከመነጠልዎ በፊት የቺፑን ቁጥር አንብበው ጠባዩን ይወቁ፤ የሽቦዎቹንም አቀማመጥ ፎቶ ያንሱ። ሽቦዎቹን ሲያያይዙ ብዙ ጊዜ ከዋናው ኔጌቲቭ ተጀምሮ ወደ ከፍተኛው ቮልቴጅ ይኬዳል። ሙቀት መለኪያዋንም ወደ ቦታዋ ይመልሱ፤ እሷ ከሴሉ ከራቀች ቦርዱ የሴሉን መጋል አያውቅም። ቦርዱን ዘሎ በቀጥታ ማገናኘት ግን ፓኩን ያለ ጠባቂ መተው ስለሆነ በምንም ምክንያት አላበረታታም።

የመጀመሪያውን ቻርጅ ከሚቃጠል ነገር ርቀው፣ አጠገቡ ሆነው ይሙሉ። አንድ ሴል ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለ ወዲያው ያቋርጡ። የወጡትን አሮጌ ሴሎች ጫፎቻቸውን በቴፕ ሸፍነው ለየብቻ ያስቀምጡ፤ ከቆሻሻ ጋር አይጣሉም።