ዓሣ ለመጨመር አትቸኩሉ
የጨው ውሃ አኳሪየም ለምትጀምሩ፦ ውሃው ኩልል ብሎ ስለታየ ብቻ ዓሣ እንዳትከቱበት። ከዓሣ ቆሻሻና ከሚበሰብስ ምግብ የሚወጣው መርዝ፣ አሞኒያ፣ በዓይን አይታይም። አሞኒያን ወደ ናይትራይት (እሱም መርዝ ነው)፣ እሱን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ድንጋዩና አሸዋው ላይ እስኪባዙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ትንሽ የዓሣ ምግብ ጣል አድርጉበትና አሞኒያውም ናይትራይቱም ከፍ ብለው ተመልሰው 0 እስኪሆኑ በመመርመሪያ ኪት ተከታተሉ። እኔ በ2ኛው ሳምንት ቸኩዬ ሁለት ዓሣ ቀብሬያለሁ።

ደግሞ ውሃው በትነት ሲጎድል በጨው ውሃ እንዳትሞሉት! የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው እዚያው ይቀራል። መስታወቱ ላይ በማርከር መስመር አስምሩና ጠዋት ጠዋት ጨው የሌለው የተጣራ ውሃ እስከ መስመሩ ጨምሩ። የጨው መለኪያው (የውሃውን ክብደት ከንጹህ ውሃ ጋር የሚያነጻጽረው) 1.025 አካባቢ ይረጋላችኋል።