«ገበሬው ተታሎ ነው» ብላችሁ አትጀምሩ

የውጭ ዜና አርታኢ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎበዝ ልጅ ስለ ታይላንድ የጻፈውን አመጣልኝ። ገና ሁለተኛው መስመር ላይ «ያልተማረው የገጠር ሕዝብ በታክሲን ሺናዋትራ ተታሎ» ይላል። ይቺን ነገር ስንት ጊዜ ሰረዝኳት መሰላችሁ!

ዋናው ስህተት ይሄ ነው፦ መራጩን ፋራ ማድረግ። እስቲ ገበሬው ምን እንዳገኘ እንቁጠር። ታክሲን በ2001 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ሥልጣን ያዘ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሐኪም ቤት ሄዶ መታከም 30 ባት (የታይላንድ ገንዘብ ነው) ብቻ ሆነ። ለየመንደሩ 1 ሚሊዮን ባት የብድር ገንዘብ መጣ። ገበሬው ዕዳውን ለ3 ዓመት እንዳይከፍል ፋታ ተሰጠው። ይህን አይቶ መልሶ የመረጠ ሰው ምኑ ነው የተታለለው? የባንኮክ ሰው ግን «ጎሽ» እያለ ይሰድበው ነበር። እኛ ጎሽ ስንል ማበረታታታችን ነው፤ እዚያ ደደብ ማለት ነው። በ2006 ጦሩ ታክሲንን ገለበጠው። ጦሩ ያቆመው መንግሥት የጤናውን ፕሮግራም የሚሰርዝ ይመስላችኋል? ጭራሽ 30 ባቷንም አነሳት!

ሁለተኛው የምርጫ ካርታ ማመን ነው። እዚህ ላይ እኔም ንጹህ አይደለሁም። በ2010 ቀይ ለባሾቹ፣ ማለትም የታክሲን ደጋፊዎች፣ የባንኮክን መሃል ሲይዙ «ከገጠር ተጭነው የመጡ» የሚል ዜና አሳልፌያለሁ። ከመካከላቸው ስንቱ እዚያው ባንኮክ ታክሲ ሲነዳ፣ ሕንፃ ሲገነባ የኖረ ነበር! የቤተሰብ መዝገቡ ትውልድ መንደሩ ስለሆነ ድምፅ የሚሰጠው እዚያ ነው። ስለዚህ በካርታው ገጠሬ ነው፤ በኑሮው ግን ከተሜ። ያ ሰልፍ ሲበተን ከ90 በላይ ሰው ሞቷል። «ተጭነው የመጡ» ያልኩት ዛሬም ያሳፍረኛል።

«ገጠር ሁሉ ታክሲንን ይወዳል» አትበሉ። የጎማ ዛፍ የሚያለማው ደቡብ ገጠር አይደለም እንዴ? እዚያ መቼም ቀንቶት አያውቅም።

«ፖፑሊስት» (ሕዝብ የሚወደውን እየሰጠ ድምፅ የሚሰበስብ) የሚለውን ቃል እንደ ስድብ አትወርውሩት። ሰውዬው ያደረገውን ጻፉ፤ ስሙን አንባቢ ያወጣለታል።

ደግሞ ከዚህ ሁሉ በኋላ ታክሲንን ጻድቅ የሚያደርጉ አሉ። ሰውዬው በቴሌኮም የከበረ ቢሊየነር ነው እንጂ ከእርሻ የመጣ ድሃ አይደለም። በ2003 «በአደንዛዥ ዕፅ ላይ ጦርነት» ብሎ ባወጀው ዘመቻ በ3 ወር ከ2,000 በላይ ሰው ተገድሏል። ያኔ ገጠሩም ከተማውም አጨብጭቧል። ይሄም ይጻፍ።

ልጁ ትናንት አስተካክሎ መጣ። «ያልተማረው» የሚለው ጠፍቷል። በቦታው «አስተዋዩና ጨዋው ገበሬ» ገብቷል። መለስኩት።