የማይጣጣሙ መንገደኞችን ማፋቀር፦ አስቂኝ ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ እንዴት ይጻፋል?

ከሁሉ በፊት ንብረቱን አከፋፍሉ። አንዲት ሲራራ ነጋዴና አንድ ቁም ጸሐፊ አብረው ይጓዙ እንበል። በቅሎዎቹ የእሷ ናቸው፤ ኬላ የሚያሳልፈው ባለማኅተም ደብዳቤ ደግሞ በእሱ ስም ተጽፏል። እሷ ማንበብ አትችልም፤ እሱ ጭነት ማሰር አያውቅበትም። እንዲህ ከሆነ በሦስተኛው ቀን ቢኳረፉም መለያየት አይሆንላቸውም። ብዙ ረቂቅ ገና አራተኛው ምዕራፍ ላይ የሚዝለው ይህ ስለሚጎድለው ነው። አንባቢ «ለምን ትታው አትሄድም?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን ገጹ ላይ ማግኘት አለበት።

አለመጣጣሙ ከጠባይ ብቻ ከመጣ ቶሎ ያልቃል፤ ከሥራቸው ይቀዳ። ነጋዴዋ ጊዜን በገበያ ቀን ትቆጥራለች፤ ጸሐፊው ቀለሙ እስኪደርቅ ከመቀመጫው አይነሳም። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሳቁም ያለው እዚያ ላይ ነው። አንዱ ሁልጊዜ ሞኝ፣ ሌላዋ ሁልጊዜ ብልህ ከሆነች ግን መሳለቂያ እንጂ አፍቃሪ አይወጣውም። በጭነቱ ጉዳይ ከተዋረደ፣ ሁለት ምዕራፍ ሳያልፍ የእሱ ሙያ ብቻ የሚፈታው ችግር ይምጣ፦ ለምሳሌ ኬላ ላይ የተሰጣት የተጭበረበረ የቀረጥ ደረሰኝ።

መንገዱን በቁጥር ሥሩት። የተጫነ በቅሎ በደህና መንገድ በቀን ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። 600 ኪሎ ሜትር ከ20 እስከ 24 ቀን ይፈጃል፤ ዕረፍት፣ የሞላ ወንዝና የተላጠ የበቅሎ ጀርባ ሲጨመርበት ወር ይደርሳል። ለየአዳሩ ምዕራፍ አትስጡ፤ ሰባት ስምንት ቦታ ይበቃል። ግን በየጭቅጭቁ መጨረሻ የሚጨበጥ ነገር ይለወጥ፦ አቅጣጫው፣ ገንዘቡ ወይም ጭነቱ። ምንም ያልለወጠ ጭቅጭቅ የቱንም ያህል ቢያስቅ ይውጣ።

ዘመኑ ራሱ ያስቸግራቸው። በመጫር የሚቀጣጠል ክብሪት በእንግሊዝ አገር ጆን ዎከር መሸጥ የጀመረው በ1827 እ.ኤ.አ. ነው። ታሪኩ ከዚያ በፊት ከሆነ እሳት ለማግኘት ባልጩትና ብረት ማጋጨት፣ ብልጭታውንም ደረቅ መለኮሻ ላይ መጣል ያስፈልጋል። ዝናብ ሲሆን አንዱ ያጋጫል፣ ሌላው በልብሱ ይከልላል። ሁለት የተኳረፉ ሰዎች ግንባር ለግንባር ተደፍተው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው አንዲት ብልጭታ ሲጠብቁ የመጀመሪያው መቀራረብ ማንም ሳያቅደው ይመጣል። ስህተትም ጥረጉ፦ ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት ከአሜሪካ አህጉራት ውጭ ድንች፣ ቲማቲም፣ በቆሎና ቃሪያ አልነበሩም። «አምስት ደቂቃ ጠብቂኝ» የሚል የ15ኛው ክፍለ ዘመን መንገደኛም አያሳምንም፤ በጥላ ይቁጠር።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ አንቱታ ነው። ሁለቱ ከተዋወቁበት ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ይባባሉ፤ ሲናደዱም ጭምር። «እርስዎ ከበቅሎዬ ይብሳሉ» የሚለው የሚያስቀው አክብሮቱና ንዴቱ አንድ አፍ ውስጥ ስለሚጋፉ ነው። ይህን እስከ መጽሐፉ እኩሌታ ጠብቁ። ከዚያ ወንዝ ሲሻገሩ እግሯ ይክዳትና «ይያዙኝ!» ማለት የነበረባት ሴት «ያዘኝ!» ብላ ትጩህ። ማዶ ሲደርሱ ወደ «እርስዎ» ትመለስ። እሱ ምንም አይበል፤ ተራኪውም ዝም ይበል። «ሳይታወቃት አንተ አለችው» ብሎ የሚያስረዳ ዓረፍተ ነገር ትዕይንቱን ይገድለዋል፤ አንባቢው ጆሮ አለው። ሦስት ምዕራፍ ቆይቶ እሱ እያወቀ «ነይ» ይበላት። ከዚህ በኋላ ፍቅሩን ለመግለጽ ብዙ ቃል አያስፈልግም። ገጽ 40 ላይ «ሂድ»፣ ገጽ 41 ላይ «ይሂዱ» ስትል ከቆየች ግን የወንዙ ጩኸት ከንቱ ነው። ስለዚህ ማን ለማን፣ ከየትኛው ምዕራፍ ጀምሮ ምን እንደሚል በአንድ ወረቀት ይዛችሁ እያንዳንዱን ግሥ መርምሩ።

ምልልሱን በጥንታዊ ቃል አትጫኑት፤ በየገጹ ሁለት ሦስት የዘመኑ የዕቃ ስም ይበቃል።

ደብዳቤው ከደረሰ፣ በቅሎዎቹም ከተሸጡ በኋላ የሚያስተሳስራቸው ችግር የለም። የመጨረሻው ውሳኔ ከመድረሻው ወዲያ እንዲመጣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ መንገድ ላይ ከተስማሙ ፍቅር ይሁን ችግር አብሮ ያቆያቸው አይለይም። ቢያንስ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይለያዩ። የሚለያያቸው ነገር በአንድ ቃል ማብራሪያ የሚፈታ ከሆነ አንባቢ ይናደዳል። የሚመለሰውም ሰው ከመጀመሪያው ሲሳሳለት የነበረውን ነገር ይተው፦ እሷ የገበያ ቀኗን ታሳልፍ፣ ወይም እሱ ቀለሙ ሳይደርቅ ብራናውን ጠቅልሎ ይነሳ።

ረቂቁ ሲያልቅ ትረካውን ሸፍናችሁ የሁለቱን ንግግር ብቻ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ተናጋሪው ስሙ ሳይጠራ ካልተለየ ወደየሙያቸው ተመለሱና ለእያንዳንዳቸው ከዚያ ቃል አምጡላቸው።