ፊልሙ መጽሐፉን ከድቷል ከማለታችሁ በፊት

መጽሐፍ አንብቦ ፊልሙን ያየ ሰው የሚለው ነገር የታወቀ ነው። «ያ ክፍል የት ሄደ?»፣ «እሷ እኮ እንዲህ አልነበረችም»፣ «መጨረሻውን አበላሹት»። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ልዩነት መቁጠር ለማንም አያቅትም። ዋናው ጥያቄ ልዩነቱ ምን አስከተለ የሚለው ነው፣ እሱን ለማየት ደግሞ ትንሽ ዘዴ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ መጽሐፉን ጨርሱ። ከዚያ ፊልሙን ሳትከፍቱ ወረቀት አንሱና ሦስት ነገር ጻፉ። ታሪኩን የሚነግረን ማን ነው? ዋናው ሰው የሚታገለው ከምን ጋር ነው? ሲያልቅ ምን አጣ፣ ምንስ አገኘ? ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ይበቃል። አስቀድማችሁ ጻፉ የምለው ፊልም ጉልበተኛ ስለሆነ ነው፤ አንዴ ካያችሁት የተዋናዩ ፊት እናንተ ስታነቡ የሳላችሁትን ሰው ገፍትሮ ያስወጣዋል፣ ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ውስጥ ምን እንደነበረና ፊልሙ ምን እንደጨመረ መለየት አስቸጋሪ ይሆናል።

አሁን ፊልሙን እዩ። ለተቆረጠው ግን ቶሎ አታልቅሱ። በፊልም ሰዎች ልማድ አንድ የስክሪፕት ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ የሁለት ሰዓት ፊልም እንግዲህ 120 ገጽ አካባቢ ነው፣ ያውም ግማሹ ባዶ የሆነ ገጽ። 400 ገጽ ልብ ወለድ እዚያ ውስጥ ሙሉውን አይገባም። ስለዚህ ምን ተቆረጠ ከማለት ይልቅ የተቆረጠው ሲወጣ አብሮት ምን ወደቀ ብላችሁ ጠይቁ።

የአንድ የማፊያ ቤተሰብ ታሪክ የሆነውን «ዘ ጎድፋዘር»ን ውሰዱ። የማሪዮ ፑዞ መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፣ ፊልሙ በ1972። መጽሐፉ ውስጥ ዘፋኙ ጆኒ ፎንቴን ሆሊውድ ውስጥ ገጽ በገጽ ይዞራል፣ ሉሲ ማንቺኒ የምትባለው ሴት ደግሞ ላስ ቬጋስ ሄዳ ከአንድ ሐኪም ጋር የራሷ የሆነ ረጅም ታሪክ አላት። ፊልሙ የጆኒን ትንሽ አስቀርቶለታል፣ የሉሲን የላስ ቬጋስ ሕይወት ግን ጨርሶ ጥሎታል። እውነቱን ለመናገር ማንም አልናፈቀውም፣ እኔም። የቤተሰቡ አለቃ የቪቶ የወጣትነት ታሪክ ደግሞ አልተጣለም፣ በ1974 ለወጣው ሁለተኛ ክፍል ተቀምጦለት ነበር። ስክሪፕቱን የጻፉት ፑዞ ራሱና ዳይሬክተሩ ኮፖላ አብረው ነው።

መጨረሻውን አስተያዩት። መጽሐፉ የሚያልቀው ኬይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆና ለባሏ፣ የቪቶን ቦታ ለወረሰው ልጁ ለማይክል ነፍስ ስትጸልይ ነው። ሰው ማስገደሉን አውቃለች፣ ጥላው ሄዳ ነበር፣ ተመልሳለች። ፊልሙ ላይ ማይክል ፊት ለፊት ይዋሻታል፣ ከዚያ ሰዎቹ እጁን ሲስሙት ከርቀት ታያለች፣ በሩም ይዘጋባታል። ትዕይንቱ ፈጽሞ ሌላ ነው። ወረቀታችሁ ላይ «ማይክል ምን አጣ?» ለሚለው የጻፋችሁት መልስ ግን አይፋቅም፤ በሁለቱም መንገድ ሚስቱ ዕዳውን ትከፍላለች። እኔ ይህን መታመን ነው የምለው።

ቀጥሎ ተራኪውን ፈልጉት። ብዙ ፊልም የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ካሜራ የሚታየውን እንጂ የሚነገርበትን ቃና አያሳይም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ለምንድን ነው? የሀዲስ ዓለማየሁ ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ሰው ድምፅ ስለመጡ ነው። ተራኪው ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ረጋ ብሎ፣ በአክብሮት እያወራ ውስጥ ውስጡን ሲያላግጥባቸው ሬዲዮው ያንን ይዞ ማለፍ ይችላል። ስክሪን ላይ ግን ተራኪው ከሌለ ያ ሽሙጥ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ አለበት፦ ወደ ተዋናዩ አቋቋም፣ ወደ አሽከሮቹ አስተያየት፣ ወደ ሙዚቃው። የትም ካልሄደ ፊታውራሪው እንዲሁ ተቆጪ ሽማግሌ ይሆናሉ። ቃሉ አንድ ሳይጎድል መጽሐፉ ሊከዳ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ዋናው ፈተና ግን ምክንያት ነው። ድርጊቱ ተጠብቆ ምክንያቱ ሲወጣ ተጠንቀቁ። ከ«ዘ ሻይኒንግ» የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በስቴፈን ኪንግ የ1977 ልብ ወለድ ጃክ ቶራንስ መጠጥ ያቆመ አባት ነው። አንድ ጊዜ ሰክሮ የልጁን ክንድ ሰብሯል፣ ተማሪ ደብድቦ ከመምህርነቱ ተባሯል፣ ክረምቱን ሙሉ ሰው የማይኖርበትን፣ መናፍስት የሰፈሩበትን ሆቴል የሚጠብቀው ይህ የመጨረሻ ዕድሉ ስለሆነ ነው። ከሥራዎቹ አንዱ ምድር ቤት ያለውን አሮጌ ቦይለር ግፊት በየቀኑ ማስተንፈስ ነው። ካልተነፈሰ ይፈነዳል። ኪንግ ይህን ቦይለር እዚያ ያስቀመጠው ለማሞቂያ ብቻ እንዳልሆነ ለማወቅ ብዙ ገጽ አይፈጅባችሁም። መጨረሻ ላይ ሆቴሉ ጃክን ሙሉ በሙሉ ሊወስደው ሲል ለአንድ አፍታ ወደ ራሱ ይመለሳል፣ ልጁን «ሩጥ» ይለዋል፣ እንደሚወደው ይነግረዋል። ከዚያ የተረሳው ቦይለር ሆቴሉን ይዞት ይሄዳል።

ዳይሬክተሩ ኩብሪክ በ1980 ባወጣው ፊልም ላይ ቦይለሩ በታሪኩ ሚና የለውም፣ ያቺ አፍታም የለችም። ጃክ መጥረቢያ ይዞ ልጁን በአጥር ዛፍ በተሠራ መጠላለፊያ መንገድ ውስጥ ሲያሳድድ በብርድ ደርቆ ይሞታል። ልጁን ሊያድን አገር አቋርጦ የመጣው ምግብ አብሳይ ሃሎራን በመጽሐፉ ይተርፋል፣ በፊልሙ እንደደረሰ ይገደላል። ኪንግ ፊልሙን ሞተር እንደሌለው የሚያምር ትልቅ መኪና ነው ብሎ ተችቶታል፤ ጃክን የሚጫወተው ጃክ ኒኮልሰን ገና ሲጀምር ያበደ ይመስላልም ብሏል። ልክ ነው። ከመጀመሪያው ያበደ ሰው የሚያጣው ነገር የለውም።

አንዲት ትንሽ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በመጽሐፉ የቤተሰቡ መኪና ቀይ ቮልስዋገን ነው። ፊልሙ ቢጫ አድርጎታል። ሃሎራን በበረዶው መንገድ ሲነዳ ግን አንዲት ቀይ ቮልስዋገን በጭነት መኪና ተጨፍልቃ እናያለን። ብዙ ተመልካች ኩብሪክ ለደራሲው የላከው መልእክት ነው ይላል። ይሁንም አይሁን፣ እንዲህ ያለ ዝርዝር የምታገኙት መጽሐፉ ገና ትኩስ ሆኖ ስታዩ ነው።

«ታዲያ ከከዳ መጥፎ ፊልም ነው?» አይደለም፣ እሱ ሌላ ጥያቄ ነው፣ አታደበላልቁት። ኪንግ ራሱ ስክሪፕቱን ጽፎለት «ዘ ሻይኒንግ» በ1997 በሦስት ክፍል የቴሌቪዥን ድራማ ወጣ። ቦይለሩም ተመለሰ፣ ቅዠቱም በመጽሐፉ መንገድ ሄደ። ዛሬ ሰው የሚያወራው ግን ስለ ኩብሪክ ነው። እኔም ሁለቱን አስቀምጠው ምረጥ ቢሉኝ የኩብሪክን ደግሜ አያለሁ፣ የኪንግን ደግሞ አነባለሁ።

መጨረሻ ላይ የምትፈትሹት የተጨመረውን ነው። መቁረጥ ሁሌ ይታያል፣ መጨመር ግን ተመሳስሎ ያልፋል። «ሻውሻንክ ሪደምፕሽን»ን እዩ፤ የኪንግ የ1982 አጭር ልብ ወለድ፣ በ1994 ዳይሬክተሩ ዳራቦንት በፊልም የሠራው። ታሪኩ እስረኛው ሬድ ስለ እስር ቤት ጓደኛው ስለ አንዲ የሚነግረን ነው። አጭር ስለሆነ መቁረጥ ብዙም አላስፈለገም። በመጽሐፉ ሦስት የእስር ቤት አዛዦች ይፈራረቃሉ፣ ፊልሙ ወደ አንድ ሰው ጨምቋቸዋል። አንዲ ንጹህ መሆኑን የሚያውቀው ቶሚ የሚባለው ወጣት በመጽሐፉ አፉን እንዲዘጋ ወደ ቀለል ያለ እስር ቤት ይዛወራል፣ በፊልሙ ይረሸናል። ይህ ጭካኔውን ያጎላዋል፣ ግን መጽሐፉ የሚለውን አይቀይርም። ሬድ በመጽሐፉ ቀይ ፀጉር ያለው አይሪሽ ነው፣ ፊልሙ ሞርጋን ፍሪማንን ሰጠው፣ የተራኪነት ድምፁንም አልነጠቀውም። ከላይ ያልኳችሁን ፈተና በሚገባ ያለፈ ፊልም ነው።

መጽሐፉ ግን የሚያልቀው ሬድ ከእስር ወጥቶ ወደ አንዲ ጉዞ ጀምሮ ተስፋ ሲያደርግ ነው። ይድረስ አይድረስ አይነገረንም። ዳራቦንትም እዚያው፣ ሬድ የተሳፈረበት አውቶቡስ ላይ ሊያበቃው አስቦ ነበር፤ ሁለቱ ጓደኛሞች ባሕር ዳርቻ ላይ ሲገናኙ እንዲታይ የፈለጉት አምራቾቹ ናቸው። ስለዚህ ያቺን የመጨረሻ ደቂቃ ለይታችሁ መዝኑ። ወረቀታችሁ ላይ «ተስፋ» ብላችሁ ጽፋችሁ ከሆነ፣ የደረሰ ሰው ተስፋ ያደርጋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ከአውቶቡሱ ጋር ነኝ። አብሯችሁ ያየው ሰው በባሕር ዳርቻው አልቅሶ ከሆነ ግን አትጩሁበት፣ መጽሐፉን አውሱትና የመጨረሻውን ገጽ እስኪያነብ ጠብቁት።