የምናባዊ ጦርነት ጨዋታን ደስታ የሚያጠፉ ስህተቶች

በጠረጴዛ ላይ ትንንሽ ምስሎችን አሰልፎ፣ ርቀትን በመለኪያ ሜትር እየለኩና ዳይስ እየጣሉ የኤልፎችን፣ የኦርኮችን (ሁለቱም የተረት ፍጡራን ናቸው)፣ የዘንዶዎችንና የአስማተኞችን ጦርነት መጫወት ዛሬም ለመዝናናት ሲባል ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ነገር ነው ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አዎ፣ ይገባዋል። ለብዙ ዓመታት በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ስቆም ጨዋታውን ትተው የሄዱ ሰዎችን አይቻለሁ፤ ከመካከላቸው ግን ጨዋታው ራሱ ሰልችቶት የተወው በጣት የሚቆጠር ነው። የቀሩትን ያራቋቸው የመጀመሪያውን ዳይስ ሳይጥሉ የሠሯቸው፣ አንዳንዴም እንደ እኔ ያለ ቀድሞ የገባ ተጫዋች የሠራባቸው ስህተቶች ናቸው። ከዚህ በታች የምጽፈው ለውድድር ሳይሆን ለደስታ መጫወት ለሚፈልግ ሰው ነው።

አንድም ጊዜ ሳይጫወቱ ሙሉ ሠራዊት መግዛት

ከስህተቶች ሁሉ በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ጀማሪው በጥንቃቄ የተቀባ፣ ባንዲራው የተዘረጋ፣ ፈረሰኞቹ በረድፍ የቆሙ የሁለት ሺህ ነጥብ ሠራዊት ያያል (ነጥብ የምስሎቹ ኃይል የሚተመንበት ዋጋ ነው)፤ ልቡ ይሸፍታል፤ በማግስቱም የዚያኑ ያህል ምስል ገዝቶ ይመጣል። ያላስተዋለው ነገር ያ ሠራዊት የብዙ ዓመት ሥራ መሆኑን ነው። 28 ሚሊሜትር በሚባለው መጠን የተሠራ አንድ ተራ እግረኛ ከፕላስቲክ ፍሬሙ ተቆርጦ፣ ከፋብሪካ የመጣበት የቅርጽ መስመር በቢላ ተፍቆ፣ ተጣብቆ፣ መነሻ ቀለም ተነፍቶበትና ተቀብቶ እስኪያልቅ ድረስ በእኔ እጅ 45 ደቂቃ ይፈጃል። 120 ምስል ያለው ሠራዊት እንግዲህ 90 ሰዓት ይጠይቃል። በሳምንት ሁለት ምሽት፣ በየምሽቱም ሁለት ሁለት ሰዓት የሚሠራ ሰው ከአምስት ወር በላይ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ሲቀባ ይከርማል ማለት ነው። ይህን የሚችል ትዕግሥተኛ ሰው አለ፤ ብዙዎቻችን ግን አንችልም።

በዚህ መካከል ደግሞ ሕጉ ራሱ ይለወጣል። ኤጅ ኦፍ ሲግማር የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ ከዚያም በ2018፣ በ2021 እና በ2024 አዳዲስ እትሞች ተከተሉት። በየሦስት ዓመቱ የጭፍሮቹ (አብረው የሚንቀሳቀሱ የምስሎች ቡድኖች) ዋጋ በነጥብ፣ ጥንካሬያቸውም በሕጉ እንደገና ይመዘናል። ዛሬ ኃይለኛ ነው ተብሎ የተገዛው ጭፍራ ተቀብቶ በሚያልቅበት ጊዜ ተራ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ምስል የሚመረጥበት ዋና ምክንያት ዓይን ስለወደደው ሊሆን ይገባል እንጂ በወቅቱ አሸናፊ ስለተባለ ሊሆን አይገባም።

አንድ የማውቀው ወጣት ሁለት ትልልቅ ሣጥን ሙሉ የአፅም ወታደሮች ይዞ መጥቶ፣ ቀብቼ ስጨርስ እንጫወታለን ብሎኝ ሄደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤቱ ስሄድ ሣጥኖቹን ከአልጋው ሥር ስቦ አሳየኝ። ከላይ ስድስት የተቀቡ አፅሞች ነበሩ፤ በጣም ያምራሉ፤ የጥርሳቸው መካከል እንኳ አንድ በአንድ በቀጭን ብሩሽ ተለይቷል። ከእነርሱ ሥር ያሉት ሁሉ ግራጫ ነበሩ፤ ግማሾቹ ከፍሬማቸውም አልተቆረጡም። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጫወተም። እነዚያ ስድስት አፅሞች ከሌላ አራት ምስል ጋር ቢሆኑ ኖሮ በመጀመሪያው ወር ሊጫወት እንደሚችል ማንም አልነገረውም ነበር። እኔም ብሆን የፈረሶቹ አቋም ስለማረከኝ ብቻ አርባ ፈረሰኛ በአንድ ጊዜ ገዝቼ አሥራ ስድስቱን ብቻ ጨርሻለሁ፤ ሃያ አራቱ ዛሬም ሳይቀቡ ተቀምጠዋል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በ2015 የታተመው ፍሮስትግሬቭ አንድ ተጫዋች በአሥር ምስል፣ አንድ ሜትር በማይሞላ ጠረጴዛ ላይ የሚጫወተው ጨዋታ ነው፤ ምስሎቹም የየትኛውም ፋብሪካ ሊሆኑ ይችላሉ። ዋን ፔጅ ሩልስ የሚባሉት አጫጭር ሕጎችም መሠረታቸው በነፃ ይገኛል። ከሁሉ በፊት ግን ካርቶን በጭፍራው ልክ ቆርጠው፣ በላዩ “ቀስተኛ”፣ “ፈረሰኛ”፣ “ዘንዶ” ብለው ጽፈው ሦስት ጊዜ ይጫወቱ። ካርቶን እየገፉ ሲጫወቱ የተደሰቱበት ጨዋታ በምስል ሲሆን የበለጠ ያስደስትዎታል፤ ካርቶኑ ላይ ያሰለቸዎትን ግን ምስሉ አያድነውም።

ሳይነጋገሩ መሰለፍ

ሁለት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ። አንደኛው ለውድድር ያዘጋጀውን፣ እያንዳንዷ ነጥብ የተሰላችበትን ሠራዊት ይዟል፤ ሌላኛው ደግሞ ዙፋኑን ስላጣ ንጉሥ ታሪክ አስቦ፣ ከታሪኩ ጋር የሚሄዱትን ምስሎች መርጦ መጥቷል። ሁለቱም አላጠፉም፤ ነገር ግን ቀድመው ካልተነጋገሩ በሦስተኛው ዙር ላይ አንደኛው ተሰላችቶ፣ ሌላኛው ተዋርዶ ይለያያሉ። ነጥቡ እኩል ስለሆነ ጨዋታውም እኩል ነው ብሎ ማሰብ ትልቅ ስህተት ነው። ኤጅ ኦፍ ሲግማር መጀመሪያ ሲወጣ መሠረታዊ ሕጉ አራት ገጽ ብቻ ነበር፤ የነጥብ ዋጋ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ሚዛኑን ተጫዋቾቹ በንግግር እንዲያገኙት የተተወ ነበር። ብዙዎች ስለተቸገሩ በ2016 ነጥብ ተጨመረለት። ነጥቡ ጠቅሟል፤ ሆኖም ምን ዓይነት ምሽት ማሳለፍ እንፈልጋለን ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊሰጥ አይችልም።

ይህን የምለው በራሴ ጥፋት ስለተማርኩት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ጀማሪ የመጀመሪያ ጨዋታውን ከእኔ ጋር ሊጫወት መጣ። ሃያ ባለ ጦሮችና አንድ መኮንን ነበሩት፤ ለመኮንኑ ስም አውጥቶለት ነበር። እኔ በዘንዶ የተቀመጠ አለቃ ይዤ፣ በሁለተኛው ዙር ባለ ጦሮቹን ከጎን መትቼ ሁሉንም ከጠረጴዛው አነሳኋቸው። ሕግ አልጣስኩም። ልጁ ምስሎቹን አንድ በአንድ በስፖንጅ መካከል እያስገባ አመሰገነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ተመልሶ አልመጣም። ያንን ዘንዶ ቤት ትቼው መሄድ ነበረብኝ።

አሁን ሳልጠይቅ የማልጀምራቸው ነገሮች አሉ፤ ስንት ሰዓት አለን? አስማትና ስም ያላቸው ጀግኖች ይኑሩ ወይስ ይቅሩ? አንድ ሰው ጭፍራ ማንቀሳቀስ ረስቶ በኋላ ቢያስታውስ ይመለስለታል? ዳይሱ ዘንበል ብሎ ጫካው ላይ ቢደገፍ ወይም ከጠረጴዛው ቢወድቅ እንደገና ይጣላል? ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ንግግር ነው፤ ስንት ጭቅጭቅ እንደሚያስቀር ግን ያየ ያውቀዋል።

ዳይሱን መውቀስ

ሁለት ዳይስ ሲጣል ሠላሳ ስድስት ዓይነት ውጤት አለ። ከእነዚህ ውስጥ ድምሩ ሰባትና ከዚያ በላይ የሚሆነው ሃያ አንዱ፣ ዘጠኝና ከዚያ በላይ የሚሆነው ደግሞ አሥሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ጠላት የሚንደረደሩበትን ርቀት በኢንች የሁለቱ ዳይስ ድምር በሚወስንበት ጨዋታ፣ ዘጠኝ የሚያስፈልገውን መንደርደር የሚሞክር ሰው ከአራት ሙከራ በሦስቱ ገደማ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ይህንንም መጥፎ ዕድል ብሎ ይጠራዋል። ሁለት ኢንች ቀድሞ ተጠግቶ ቢሆን ኖሮ ከግማሽ በላይ ዕድል ይኖረው ነበር።

የጥቃቱም ስሌት እንዲሁ ነው። ሃያ ባለ ጦሮች ሃያ ጊዜ ሲወጉ፣ በአራትና ከዚያ በላይ የሚያገኙ ከሆነ አሥሩ ያርፋሉ፤ ለማቁሰልም እንደገና አራት ካስፈለገ አምስት ይቀራሉ፤ የጠላት ጥሩር በአምስትና በስድስት የሚያድን ከሆነ ደግሞ በአማካይ ሦስት ያህል ይወድቃሉ። ጀማሪው ሃያ ዳይስ በእጁ ሲይዝ ግማሽ ጭፍራ የሚጠፋ ይመስለዋል፤ ሦስት ምስል ብቻ ሲነሳ ይደነግጣል። ፊት ለፊት መግጠም ብቻውን ጦርነት የማይፈታው በዚህ ምክንያት ነው። ኪንግስ ኦፍ ዎር በሚባለው ጨዋታ ጭፍራው ከጎን ሲመታ ጥቃቱ እጥፍ፣ ከኋላ ሲመታ ደግሞ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ በረድፍ በሚሰለፉባቸው ሌሎች ብዙ ጨዋታዎችም ቢሆን የጎን ጥቃት የተሻለ ነው። እንግዲህ የጨዋታው ጥበብ ያለው ዳይሱ ከመጣሉ በፊት፣ ጭፍራው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ነው። ይህ የገባው ሰው ሲሸነፍም ይደሰታል፤ የተሸነፈበትን ቦታ በጣቱ ሊያሳይ ይችላልና።

ቀለም፣ ሙጫና ቫርኒሽ

ቀለምን ከጠርሙሱ እንዳለ መቀባት የፊትንና የእጥፋትን ቅርጽ ይደፍናል፤ በውሃ አቅጥኖ ሁለቴ መቀባት ይሻላል። የፕላስቲክ ሙጫ ፕላስቲኩን አቅልጦ ስለሚያያይዝ ብረትንና ሬዚንን (በፈሳሽነቱ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የሚጠነክር የምስል መሥሪያ) አይዝም፤ ለእነርሱ ሱፐር ግሉ ያስፈልጋል። ሬዚን ሲሞረድ የሚወጣው ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳ ሳያረጥቡና አፍንጫን ሳይሸፍኑ መሞረድ አይገባም።

ቫርኒሹ ግን ታሪክ አለው። ለአንድ ወር የሠራሁትን የቀስተኞች ጭፍራ ዝናብ ባባራበት ምሽት ደጅ አውጥቼ የሚነፋ ቫርኒሽ ነፋሁበት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስመለስ አረንጓዴው ካባ፣ ቡናማው ቀስት፣ ቀዩ ላባ ሁሉ አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ነጥቷል። አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ቫርኒሹን አደብዝዞት ነበር። ከዚያ ወዲህ አየሩ ደረቅ ካልሆነ አልነፋም፤ ሲደርቅም በመጀመሪያ አንድ የማልሳሳለትን ምስል እሞክራለሁ።

ባዶ ጠረጴዛ

ኮረብታም ጫካም በሌለበት ሜዳ ላይ የሚያሸንፈው ቀስተኛና መድፍ ያበዛ ነው። መጻሕፍት ደርድሮ ጨርቅ ቢያለብሱባቸው ኮረብታ ይሆናሉ።

“ይህ ጨዋታ ሞቷል” ማለት

በ1983 የተጀመረው የዋርሃመር ምናባዊ ጦርነት ጨዋታ በ2015 ተቋርጦ ክብ መቆሚያ በሚጠቀመው በኤጅ ኦፍ ሲግማር ሲተካ፣ ዓለሙም በታሪኩ ውስጥ እንዲጠፋ ሲደረግ ብዙ ሰው አዘነ። ሠራዊቱን የሸጠ አለ፤ የምስሎቹን አራት ማዕዘን መቆሚያ ነቅሎ በክብ የተካ አለ። እኔ በሣጥን ከትቼ ሦስት ዓመት ሳልነካው ቆየሁ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት የሕግ መጽሐፉ መደርደሪያዬ ላይ ነበር፤ አብሮኝ የሚጫወተውም ወዳጄ አልሄደም ነበር። እንዳንጫወት የከለከለን ማንም አልነበረም፤ ሳንጫወት ያለፈው ጊዜ ዛሬም ይቆጨኛል። ሌሎች ከእኛ ይልቅ ብልሆች ነበሩ፤ አንዳንዶች ዘ ናይንዝ ኤጅ የተባለውን ሕግ ራሳቸው ጽፈው ቀጠሉ፣ አንዳንዶች ያንኑ ምስል ይዘው ወደ ኪንግስ ኦፍ ዎር ተሻገሩ። በጥር 2024 ደግሞ ዘ ኦልድ ዎርልድ የተባለው የዚያው የቀድሞ ጨዋታ አዲስ መልክ ወጥቶ አራት ማዕዘን መቆሚያዎቹ ተመለሱ፤ ምስላቸውን ያልሸጡትም ከሣጥን አወጧቸው። በአዲሱ ሕግ ቀድሞ 20 ሚሊሜትር የነበረው የብዙ እግረኞች መቆሚያ 25 ሆኗል፤ ይሁንና ሁሉንም ለመንቀል መቸኮል አያስፈልግም፤ ክፍተት ያለው የማንቀሳቀሻ ትሪ ቢሠሩላቸው በቂ ነው።

ጊዜን አለመቁጠር

እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በ1913 ባሳተመው የአሻንጉሊት ወታደሮች ጨዋታ ሕግ ውስጥ የእያንዳንዱ ተጫዋች ተራ በሰዓት የተገደበ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም በሁለተኛው ዙር ላይ መሽቶብን የሚበተኑ ጦርነቶች ብዙ ናቸው። ሦስት ሰዓት ካለዎት የሁለት ሺህ ነጥብ ጦርነት አይጀምሩ፤ የአንድ ሺህ ይበቃል።

ለአዲስ ሰው ሕጉን ሁሉ በአንድ ጊዜ መንገር

ይህ የእኛ የቆየነው ሰዎች ስህተት ነው። ጨዋታውን ስለምንወደው ሁሉንም በአንድ ምሽት ልናካፍል እንፈልጋለን፤ እንግዳው ግን ስለ አስማት ነጥብ፣ ስለ ወኔ ፈተና፣ ስለ ጭፍራ አዟዟር አንድ ሰዓት ሰምቶ ገና አንድ ምስል አልነካም። እኔ አሁን ከእያንዳንዱ ወገን ሁለት ጭፍራ ብቻ አስቀምጣለሁ፤ የተሻለ የተቀቡትን ለእርሱ እሰጣለሁ። ሜትሩን በእጁ አስይዤው፣ “እነዚህ ስድስት ኢንች ይሄዳሉ፤ ወዴት ልትወስዳቸው ትፈልጋለህ?” እለዋለሁ። ጫካው አጠገብ ሲደርሱ የጫካውን ሕግ፣ ከጠላት ጋር ሲገናኙ የውጊያውን ሕግ እነግረዋለሁ። አስማተኛው ምስል ሁለተኛው ጨዋታ እስኪመጣ ድረስ ከሣጥኑ አይወጣም።