ካሜራው ማታ ማታ ለምን ይጠፋል? የስዊች ችግርና መፍትሄ

ጣና ዳር ያለ ገስት ሐውስም ሆነ ዓባይ ማዶ ያለ ፋርማሲ፣ ኔትወርክ ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚወቀሰው ኢንተርኔቱ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ስር ከተወሸቀችው፣ ኮምፒውተሮችንና ካሜራዎችን በኬብል ከምታገናኘው ትንሽ ስዊች ይገኛል። ሮጠው አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ምልክቱን ይዩ። የትኛው ስዊች እንደሚያስፈልግዎ የሚነግርዎ እሱ ነው።

ምልክት፦ ካሜራዎቹ ቀን ደህና ናቸው፤ ሲመሽ አንድ ሁለቱ ይጠፋሉ፣ ሲነጋ ይመለሳሉ

ብዙ ሰው ካሜራው ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ይገዛል። ገንዘቡ ያሳዝናል፤ ምክንያቱ የኃይል ማነስ ነውና። እነዚህ ካሜራዎች መብራት የሚያገኙት በኔትወርክ ኬብሉ በኩል ከስዊቹ ነው፤ ፒኦኢ የሚባለው ይህ ነው። ሲጨልም ካሜራው በጨለማ የሚያይበት ብርሃን፣ ኢንፍራሬድ፣ ይበራል፣ የሚፈልገው ዋትም ይጨምራል። ቀን 4 ዋት የሚበቃው ካሜራ ማታ 9 ዋት ቢፈልግ፣ 8 ካሜራ ያለው ግቢ ከ32 ወደ 72 ዋት ይዘላል። የስዊቹ ጠቅላላ አቅም 60 ዋት ከሆነ አንዳንዱን ፖርት (ኬብል የሚሰካበትን ቀዳዳ) ያጠፋል።

መፍትሄ፦ የእያንዳንዱን ካሜራ ከፍተኛ ዋት ከጀርባው ወይም ከካርቶኑ አንብበው ይደምሩ። በላዩ ሩቡን ይጨምሩ። ከላይ ላለው ግቢ 90 ዋት ይሆናል። ሻጩ «በፖርት 30 ዋት ይሰጣል» ቢልዎ እሺ ብለው አይውጡ። «ጠቅላላውስ ስንት ነው?» ይበሉት።

ዋቱ በቂ ሆኖም ሩቅ ያለው ካሜራ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ኬብሉን ይጠርጥሩ። የአንዷን ቀጭን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቅ ያድርጉ። ከቀዩ ስር ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው፣ መዳብ የተቀባ ብቻ። ኃይል በመንገድ ያባክናል። በንጹህ መዳብ ይቀየር። ርዝመቱም ከ100 ሜትር አይለፍ።

ምልክት፦ በቢሮው ኮምፒውተሮች መካከል ፋይል ሲላላክ ይንቀረፈፋል

ስዊቹ ላይ 10/100 የሚል ከተጻፈ በሰከንድ ከ100 ሜጋቢት አያልፍም፤ ጊጋቢት (1000 ሜጋቢት) ይግዙ። ጊጋቢት ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ 100 ካሳየ ግን ኬብሉን ይዩ። ጊጋቢት 8ቱንም ሽቦ ይፈልጋል፣ 100 ግን በ4ቱ ይሠራል። ከቀሪዎቹ 4 ሽቦዎች አንዷ ከተበጠሰች ብዙ ጊዜ ኔትወርኩ አይቆምም፣ ይዘገያል እንጂ። ጫፉ እንደገና ይታሰር። የኢንተርኔት ፓኬጅዎ 20 ሜጋቢት ከሆነ ግን ጊጋቢት ስዊች አያፈጥነውም። ያፈጥነዋል የሚልዎትን ሻጭ አይመኑ።

ምልክት፦ ድንገት ሁሉም ይቆማል፤ የስዊቹ መብራቶች በአንድነት ያለ ፋታ ብልጭ ድርግም ይላሉ

ብዙ ጊዜ ከጽዳት ወይም ጠረጴዛ ከተዛወረ በኋላ ይመጣል። አንድ ሰው ተንጠልጥሎ ያየውን የኬብል ጫፍ ባዶ ፖርት ላይ ሰክቶታል፤ ሌላው ጫፉ ግን እዚያው ስዊች ላይ ነው። መልእክቱ እየዞረ ይባዛና መንገዱን ይዘጋል። መብራቶቹ እስኪረጋጉ ኬብሎቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ። ለወደፊቱ እንዲህ ያለውን ዙር፣ ሉፕ የሚባለውን፣ የሚከላከል ስዊች ይምረጡ። ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልም ደንበኛ ተሰልፎ ካሽ ሬጅስተሩ አካባቢ ሥራ ከሚቆም ይሻላል።

ምልክት፦ ከነጎድጓዳማ ሌሊት በኋላ የተወሰኑ ፖርቶች ሞተዋል

የባሕር ዳር ክረምት መብረቁ አይጣል ነው። ከእንግዳ መቀበያው ሐይቁ ዳር እስካለው ሬስቶራንት በሜዳ የተዘረጋ የመዳብ ኬብል፣ በቅርብ የወደቀ መብረቅ የሚፈጥረውን ኃይል ተቀብሎ ሁለቱም ጫፍ ያሉትን ስዊቾች ያቃጥላል። ከሕንጻ ወደ ሕንጻ ብረት የሌለበት ፋይበር፣ ማለትም መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፍ የመስታወት ክር ኬብል፣ ይዘርጉ፤ መስታወት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ከ100 ሜትርም በላይ ይሄዳል። ለዚህ በሁለቱም ጫፍ ያሉት ስዊቾች የፋይበር ማስገቢያ፣ ኤስኤፍፒ የሚባለው፣ እንዳላቸው ሳይከፍሉ በፊት ያረጋግጡ።